ኢቺሮ ሱዙኪ፦ ስለ ቀኝ ሜዳው ሰው የቤዝቦል ሕይወት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ቤዝቦልን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንባቢ ሁለተኛውን ጥያቄ ሊያልፈው ይችላል፤ ለማያውቅ ግን ያለ እሱ ቀሪው ትርጉም አይሰጥም።

ኢቺሮ ሱዙኪ ማን ነው?

በጃፓን አይቺ ክፍለ ሀገር፣ ከናጎያ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቶዮያማ ያደገ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1973 የተወለደ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። ለዘጠኝ የውድድር ዘመን በጃፓን፣ ለአሥራ ዘጠኝ ደግሞ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ተጫውቶ በ45 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። በ2025 ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ስሙ ሲሰፍር፣ በእስያ ተወልዶ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆኗል። ረጅም ጊዜ በተጫወተባት በሲያትል የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጨዋታውን ባይከታተሉ እንኳ ስሙን ያውቁታል፤ 51 ቁጥር ያለበት ማሊያ በዚያች ከተማ አውቶቡስ ላይ ሳያዩ መዋል ለዓመታት አስቸጋሪ ነበርና።

«የውጭ ሜዳ ተጫዋች» ሲባል ሥራው ምንድን ነው?

የቤዝቦል ሜዳ የተዘረጋ ማራገቢያ ይመስላል። በማራገቢያው እጀታ በኩል መቺው ዱላውን ይዞ ይቆማል፤ ወርዋሪው 18 ሜትር ከሚያህል ርቀት ኳሷን ይልክበታል። መቺው ከመታ በኋላ በ27 ሜትር ገደማ ልዩነት የተቀመጡትን ቤዞች በየተራ እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። የሚከላከለው ወገን ዘጠኝ ተጫዋቾች ሲኖሩት፣ ስድስቱ በወርዋሪውና በቤዞቹ አካባቢ ይሰለፋሉ፤ ሦስቱ ደግሞ በሰፊው ሣር ላይ በግራ፣ በመሀልና በቀኝ ተበትነው ርቀው የሚሄዱትን ኳሶች ይጠብቃሉ። የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች የሚባሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ኢቺሮ ዕድሜውን በአብዛኛው ያሳለፈው በቀኝ ሜዳ ነው። ቀኝ ሜዳ ጠንካራ ክንድ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም አንደኛው ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ሊገሠግሥ ሲሞክር፣ የቀኝ ሜዳው ሰው ኳሷን ከ60 ሜትር በላይ ሊሆን በሚችል ርቀት ሜዳውን አቋርጣ እንድትሄድ መወርወር ይኖርበታል።

ሁለት ቃላት ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። «ሂት» የሚባለው መቺው በመታት ኳስ፣ ተከላካዮቹ ሳይሳሳቱ፣ ቢያንስ አንደኛው ቤዝ ላይ በሰላም መድረሱ ነው። «ሆም ረን» ደግሞ ኳሷ የሜዳውን አጥር ተሻግራ መውደቋ ነው፤ መቺው ያን ጊዜ ቤዞቹን ሁሉ ያለ ሥጋት ይዞራል። ከአሥር ሙከራ በሦስቱ ሂት የሚያገኝ ሰው በዚህ ጨዋታ እንደ ጎበዝ ይቆጠራል፤ ሰባት ጊዜ የሚከሽፍ ሰው የሚወደስበት ስፖርት መሆኑን ያልተረዳ ሰው የኢቺሮን ቁጥሮች ክብደት አይረዳም።

በልጅነቱ እንዴት ተሠለጠነ?

የመጀመሪያውን ጓንት ያገኘው በሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ኖቡዩኪ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ሜዳ እየወሰዱ ያሠለጥኑት ነበር፤ የዕለቱ ድርሻ 50 ኳስ መወርወር፣ ከቅርብና ከሩቅ የሚመጡ ኳሶችን ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ መያዝ፣ ከዚያም ከሰውና ከማሽን የሚወረወሩ 500 ያህል ኳሶችን መምታት እንደነበረ በሰፊው ተጽፏል። በጓንቱ ላይ «ትኩረት» የሚል የጃፓንኛ ቃል ሰፍሮ ነበር። ቀኝ እጁን የሚጠቀመው ልጅ በግራ ጎኑ መምታት የተለማመደውም ያኔ ነው፤ በግራ የሚመታ ሰው ወደ አንደኛው ቤዝ ሁለት እርምጃ ያህል ይቀርባል።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ለልጆች እንደ ምሳሌ ይነገራል። ነገር ግን ባለታሪኩ ራሱ ካደገ በኋላ ያ ሥልጠና ከጭካኔ የማይተናነስ እንደነበረና ብዙ እንደተሠቃየበት ተናግሯል፤ ታሪኩን ለልጁ የሚተርክ ወላጅ ይህን ክፍልም ቢጨምርበት መልካም ነው።

ለምን በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ይጠራል?

ሱዙኪ በጃፓን እጅግ ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። በ1994 የኦሪክስ ብሉዌቭ አሠልጣኝ የሆነው አኪራ ኦጊ ልጁ ከሌሎቹ ሱዙኪዎች ተለይቶ እንዲታወቅ «ኢቺሮ» በሚለው ስም ብቻ እንዲመዘገብ አደረገ። ለእኛ ሰውን በራሱ ስም መጥራት የወትሮ ነገር ስለሆነ አያስደንቀንም፤ በቤተሰብ ስም መጠራት ልማድ በሆነበት በጃፓን ስታዲየም ግን ያልተለመደ ነበር። ስሙ እስከ መጨረሻው አብሮት ዘለቀ፤ በአሜሪካም ማሊያው ጀርባ ላይ የተጻፈው «ኢቺሮ» ነው።

በጃፓን ምን አከናወነ?

የኮቤ ከተማው ኦሪክስ ብሉዌቭ በ1991 መጨረሻ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ በአራተኛው ዙር መረጠው፤ ማለትም ማንም እንደ ትልቅ ተስፋ አልቆጠረውም። በ18 ዓመቱ በዋናው ቡድን ቢታይም የጊዜው አሠልጣኝ አመታቱን አልወደደለትም። ኢቺሮ ኳሷ ስትመጣ የፊት እግሩን እንደ ሰዓት ፔንዱለም እያወዛወዘ፣ የሰውነቱን ክብደት ወደፊት እየወረወረ ይመታ ስለነበር፣ ይህ ከመማሪያው ሥርዓት ውጪ ነው ተብሎ ሁለት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ቡድን አሳለፈ። ኦጊ ሲመጣ አመታቱን ሳይነካበት በየቀኑ አሰለፈው። በዚያው በ1994 በ130 ጨዋታ 210 ሂት መታ፤ በጃፓን ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን 200 የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ እስከ 2000 ድረስ ለሰባት ተከታታይ ዓመታት የሊጉን የመምታት አማካይ (ከመምታት ሙከራዎቹ ሂት የሆኑት ድርሻ) መርቷል፤ ከ1994 እስከ 1996 ደግሞ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ የኮቤ ሰዎች የሚያስታውሱት 1995ን ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 17 ንጋት ላይ ከተማዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። ብሉዌቭ ከተማውን ትቶ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ቡድኑ ቆየ፣ ተጫዋቾቹም «በርቺ ኮቤ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ በማሊያቸው እጅጌ ላይ አድርገው ተጫወቱ። በዚያ ዓመት ከጃፓን ሁለት ሊጎች አንዱ የሆነውን የፓሲፊክ ሊግን ዋንጫ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዮሚዩሪ ጃያንትስን አሸንፈው የጃፓንን ሻምፒዮንነት ወሰዱ።

ወደ አሜሪካ የሄደው እንዴት ነው?

በጨረታ ነው ቢባል አይሳሳትም። በጊዜው ደንብ መሠረት የጃፓኑ ቡድን ተጫዋቹን ለአሜሪካ ቡድኖች ያቀርባል፤ ከፍተኛውን ዋጋ በምስጢር ያቀረበ ቡድን ብቻውን የመደራደር መብት ያገኛል። በ2000 መጨረሻ ሲያትል ማሪነርስ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አቅርቦ አሸነፈ፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለኦሪክስ ሲሆን፣ ለኢቺሮ ራሱ ለሦስት ዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስገኝ ውል ተፈረመ። በዚያን ጊዜ የማሪነርስ ዋና ባለድርሻ የቪዲዮ ጌም ኩባንያው የኔንቴንዶ መሪ ሂሮሺ ያማውቺ ነበር።

ከእርሱ በፊት በአሜሪካ የተሳካላቸው ጃፓናውያን ወርዋሪዎች ነበሩ። በየቀኑ የሚሰለፍ መቺ ግን አልነበረም፤ ቀጭን ሰውነት ያለው ሰው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚጓዙትን ኳሶች ለ162 ጨዋታ ይቋቋማል ብለው ያመኑ ጥቂቶች ነበሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ምን ይመስል ነበር?

በ2001 በ242 ሂት ለአዲስ ተጫዋች እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ የመምታት አማካዩ 0.350 ሆነ፣ 56 ቤዝ ሰረቀ። ቤዝ መስረቅ ማለት ኳሷ ሳትመታ፣ ወርዋሪው ወደ መቺው ሲወረውር ወደሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ መድረስ ነው። ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ሆኖ ተመረጠ፤ ሁለቱን በአንድ ዓመት የወሰደ ከእርሱ በፊት በ1975 የቦስተኑ ፍሬድ ሊን ብቻ ነበር። ማሪነርስ በዚያ ዓመት 116 ጨዋታ አሸንፎ በ1906 በቺካጎ ከብስ የተያዘውን ክብረ ወሰን ተጋራ።

ደጋፊዎች «ውርወራው» እያሉ የሚያነሡት የትኛውን ነው?

ኤፕሪል 11 ቀን 2001፣ ኦክላንድ። ኢቺሮ በአሜሪካ ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች ስምንተኛው ላይ የኦክላንዱ ቴረንስ ሎንግ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። ራሞን ኸርናንዴዝ ኳሷን ወደ ቀኝ ሜዳ መታት። ሎንግ ፈጣን ነው፤ ኳሷም ሣሩ ላይ እየነጠረች ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሯጩ ሁለተኛውን ቤዝ ረግጦ ሳያቆም ወደ ሦስተኛው መቀጠሉ የሚጠበቅ ነው፣ እሱም ቀጠለ።

ኢቺሮ ወደፊት ሮጦ ኳሷን በጓንቱ ዘገነ፣ አንድ ጊዜ ተወንጭፎ ለቀቃት። ከሩቅ የተወረወረች ኳስ ወትሮ ወደ ላይ ጎብጣ ትወጣና ትወርዳለች፤ ይህችኛዋ ከሰው ቁመት ብዙም ከፍ ሳትል፣ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ብላ፣ መሬት ሳትነካ የሦስተኛው ቤዝ ተከላካይ ዴቪድ ቤል ጓንት ውስጥ ገባች። ቤል ጓንቱን መሬት ላይ ከማሳረፍ በቀር የሠራው ነገር አልነበረም፤ ሎንግ ተንሸራቶ የመጣው ወደዚያው ጓንት ነው፤ ኳስ በያዘ ጓንት የተነካ ሯጭ ደግሞ ከቤዝ ይወጣል። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ቀኝ ሜዳ በተመታ ኳስ ሯጮች ሁለተኛው ቤዝ ላይ መቆምን መረጡ። ይህ መቆም ግን በየትኛውም የቁጥር ሠንጠረዥ አይገባም፤ የጥሩ የውጭ ሜዳ ተጫዋች ሥራ ግማሹ ሳይጻፍ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። የተጻፈው ግማሽ ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጠው የወርቅ ጓንት ሽልማት አሥር ጊዜ በተከታታይ ነው፤ ከ2001 እስከ 2010።

262 የሚለው ቁጥር ምንድን ነው?

በ2004 በአንድ የውድድር ዘመን የመታቸው ሂቶች ብዛት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የሴንት ሉዊስ ብራውንሱ ጆርጅ ሲስለር በ1920 ያስመዘገበው 257 ሲሆን፣ 84 ዓመት ማንም አልነካውም ነበር። ኢቺሮ ኦክቶበር 1 ቀን በሲያትል ቴክሳስ ሬንጀርስ ላይ አለፈው፤ የሲስለር ቤተሰቦችም በስታዲየሙ ተገኝተው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ለኮከቦቹ ጨዋታ ሴንት ሉዊስ ሲሄድ የሲስለርን መቃብር ጎብኝቶ አበባ አኑሯል።

ለፍትሕ ሲባል መጨመር ያለበት፣ ሲስለር የተጫወተው የውድድር ዘመኑ 154 ጨዋታ በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ይህን ያህል ሂት እየመታ የሚተቹት ለምንድን ነው?

ትችቱ መሠረት የለሽ አይደለም። ከ262ቱ 225ቱ አንድ ቤዝ ብቻ ያስገኙ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ስምንት ሆም ረን ብቻ ነው የመታው፣ በአሜሪካ ዘመኑ ሁሉ ደግሞ 117። ከዚህም ሌላ ወርዋሪው አራት ጊዜ ከክልል ውጪ ሲወረውርለት በነፃ ወደ ቤዝ ከመሄድ ይልቅ መምታትን ይመርጥ ነበር። ሆም ረንና ነፃ ቤዝ ከሁሉ በላይ በሚመዘኑበት ስሌት ስናየው፣ ከእርሱ ያነሰ ሂት እየመቱ ለቡድናቸው የበለጠ ነጥብ ያስገኙ መቺዎች ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ስሌቱን ይቀበላል፤ ግን ስሌቱ ያልያዘውን አንድ ነገር ይጨምራል። ኢቺሮ ኳሷን ገና ሳይመታ እግሩ መሮጥ ይጀምር ነበር፤ ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አንደኛው ቤዝ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ተከላካዮች ደካማ የምትመስለውን ኳስ እንኳ ተረጋግተው ማንሣት አልቻሉም፤ ተጣድፈው ይሳሳታሉ፣ ከቦታቸው ቀርበው ሲቆሙ ደግሞ በመካከላቸው ያሳልፍባቸዋል። አጥር ማሻገር ያቃተው ሰውም አልነበረም፤ በልምምድ ሰዓት ኳሶችን በተከታታይ ወደ ተመልካች መቀመጫ ሲሰድ ያዩ ብዙ ናቸው። ዱላዎቹን እርጥበት እንዳይነካቸው በልዩ ሣጥን ይይዝ ነበር፤ ጓንቱንም ከየጨዋታው በኋላ ለሌላ ሰው ሳይተው ራሱ ይወለውለው ነበር። የመረጠው መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ከፒት ሮዝ በላይ ሂት መትቷል የሚባለው እውነት ነው?

እንደ አቆጣጠሩ ነው። በጃፓን 1,278፣ በአሜሪካ 3,089፣ በድምሩ 4,367 ሂት መትቷል። የአሜሪካው ክብረ ወሰን የፒት ሮዝ 4,256 ነው። ጁን 15 ቀን 2016 የሁለቱ አገሮች ድምር ከሮዝ ቁጥር ሲያልፍ ጃፓን በደስታ ስትፈነድቅ፣ ሮዝ ግን ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂቶቹን ሊቆጥሩለት ነው በሚል ዓይነት አነጋገር አጣጣለው። የጃፓን ሊግ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው የሚለው ክርክር ተቀባይነት አለው፤ በሌላ በኩል ግን የጃፓን የውድድር ዘመን ያጠረ ስለነበር፣ ኢቺሮ በ27 ዓመቱ አሜሪካ ሲገባ በወጣትነቱ ሊመታቸው ይችል የነበሩት ቀርተውበታል። ድምሩን እንደ ድምር መናገር፣ ክብረ ወሰኑንም ለባለቤቱ መተው ትክክለኛው አካሄድ ይመስላል። የአሜሪካው 3,000ኛ ሂቱ ኦገስት 7 ቀን 2016 በዴንቨር የተገኘ ሲሆን፣ ሦስተኛው ቤዝ ድረስ ያስሮጠ ምት ነበር፤ በዚያ ሊግ 3,000 የደረሰ 30ኛው ሰው ነው።

ሲያትልን እንዴት ለቀቀ?

በጁላይ 2012 ራሱ ጠይቆ ነው። ቡድኑ በወጣቶች ሊታደስ ነበር፤ እሱ ደግሞ 38 ዓመቱ ነው። ጁላይ 23 ቀን ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ መዛወሩ ሲነገር ያንኪስ ለጨዋታ ሲያትል ውስጥ ነበር። ስለዚህ ኢቺሮ ያደረገው ዝውውር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከአንደኛው መልበሻ ክፍል ወደ ሌላኛው መሄድ ብቻ ሆነ። በዚያው ምሽት ግራጫ ማሊያ ለብሶ፣ በ51 ፋንታ 31 ቁጥር አድርጎ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመታ ሲቀርብ ስታዲየሙ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለላቸው፣ ዞረና ወደ ሌላውም ወገን ጎንበስ አለ። ከዚያ ሂት መታ፣ ሁለተኛውንም ቤዝ ሰረቀባቸው።

በኋላ ወደ ማያሚ ማርሊንስ ሄዶ ሦስት ዓመት ተጫወተ። በ2015 የመጨረሻ ጨዋታ አንድ ዙር ወርዋሪ ሆኖም ታይቷል።

የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ያውቃል?

ከጃፓን ብሔራዊ ቡድን ጋር በ2006 እና በ2009 የዓለም ቤዝቦል ክላሲክን ወስዷል፤ በ2009 በሎስ አንጀለስ በደቡብ ኮሪያ ላይ በአሥረኛው ዙር ያሸነፈውን ምት የመታው እሱ ነው። የአሜሪካው ፍጻሜ ወርልድ ሲሪስ ላይ ግን ተጫውቶ አያውቅም። በ2001 ያ 116 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ከፍጻሜው በፊት በያንኪስ ተሸነፈ።

የመጨረሻው ጨዋታ የት ነበር?

በ2018 ወደ ማሪነርስ ተመልሶ ነበር፤ ቡድኑ በሜይ ከሰልፍ አውጥቶ የጽሕፈት ቤት አማካሪ አደረገው፣ እሱ ግን ልምምዱን አላቋረጠም። በማርች 2019 ማሪነርስ የውድድር ዘመኑን በቶኪዮ ዶም ሲከፍት ለሁለት ጨዋታ ተሰለፈ። ማርች 21 ቀን በስምንተኛው ዙር ወደ ቀኝ ሜዳ ከወጣ በኋላ አሠልጣኙ እንዲመለስ ጠራው፤ የቡድን ጓደኞቹ ሜዳውን ትተው አንድ በአንድ አቀፉት። የዚያ ቀን ወርዋሪ የነበረው ወጣቱ ጃፓናዊ ዩሴ ኪኩቺ እንባውን መቆጣጠር አልቻለም። ጨዋታው አልቆ ተመልካቹ አልወጣም፤ ኢቺሮ እንደገና ወጥቶ ሜዳውን ዞረ። መግለጫውን የሰጠው ከእኩለ ሌሊት ተሻግሮ ነው።

የዝና አዳራሽ ምርጫው ለምን አከራከረ?

ከ394 መራጭ ጋዜጠኞች 393ቱ መረጡት፤ ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም። በሙሉ ድምፅ የተመረጠ የያንኪሱ ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራ ብቻ ነው፤ ሌላው የያንኪስ ተጫዋች ዴሬክ ጄተርም እንደ ኢቺሮ በአንድ ድምፅ ቀርቶበታል። ኢቺሮ ያልመረጠውን ሰው ቤቱ ጋብዞ አብሮት መጠጣት እንደሚፈልግ ተናግሮ ነበር። ጁላይ 27 ቀን 2025 በኩፐርስታውን ንግግሩን ሲያደርግ፣ ለዓመታት በአስተርጓሚ ሲናገር የኖረው ሰው በእንግሊዝኛ ጀመረና፣ ያ ግብዣ ጊዜው እንዳለፈበት አስታውቆ ሕዝቡን አሣቀ። በሚቀጥለው ወር ማሪነርስ 51 ቁጥርን ማንም እንዳይለብሰው አድርጎ ሰቀለለት።

አሁን ምን ይሠራል?

የማሪነርስ አማካሪ ነው፤ የቡድኑን ማሊያ ለብሶ ከወጣት ተጫዋቾች ጋር በውጭ ሜዳው ላይ ኳስ ይይዛል። በየጊዜው ወደ ጃፓን ይሄድና ከጓደኞቹ ጋር ባቋቋመው ቡድን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴት ተጫዋቾች ምርጥ ቡድን ጋር ይጋጠማል። በዚያ ጨዋታ ወርዋሪው እሱ ነው፤ ልጃገረዶቹንም አይራራላቸውም።